ማተብሽ ላይ ያለችው ቁልፍ

ናዝሬት፣ የካቲት 1981 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ቁርጥማቱ ተወት አደረገሽ ወይ? ቀይዋ ላም ወለደች? ነፋሱ የጓዳውን ቆርቆሮ እንዳያነሳው ድንጋይ ጨምሩበት። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ እህቴ ቡዜ ታንብብልሽ እንጂ ጎረቤት እንዳትጠሪ። ቡዜዬ፣ አንቺም ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ አንብቢ። ስታነቢላት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ቀና እያልሽ ፊቷን አትዪ፤ አትወድም።

እማዬ፣ በርበሬ ነጋዴዋ ተሻለች ቃልሽን ሳታዛባ አድርሳልኛለች። በርበሬዋን ሸጣ ስትጨርስ መሥሪያ ቤታችን በር ድረስ መጥታ፣ «እናትሽ ምን አለች መሰለሽ፤ ወንድሜ ከዚህ ወስዶ ሰው አድርጎሻል፣ ፈርሚ ካለሽ ፈርሚ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ ብላለች» አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ ሰማኋት። ዝም ስላልኩ እሺ ያልኩ መሰላት። ሁሉም እንደዚያ ይመስላቸዋል።

አልፈርምም።

ይህን ቃል ጽፌ አልሰረዝኩትም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምትደበቀው፣ ስሟን ሲጠይቋት ቡዜ የምትመልስላት ልጅሽ ናት የጻፈችው። አንቺ የሰማሽው ወንድምሽ የነገረሽን ብቻ ነውና እኔም ያየሁትን ልንገርሽ።

መሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተር የሚባል መኪና ገዛ። ቴሌቪዥን የመሰለ መስታወት አለው። ከሥሩ እንደ ሻንጣ ያለ የብረት ሣጥን፣ ከፊቱ ደግሞ እንደ ጽሕፈት መኪና ፊደል የተደረደረበት ገበታ አለ። ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ ይዞት መጥቶ ተከለውና አሠራሩን ለእትዬ ዘርፉ አሳያት። እትዬ ዘርፉ ጸሐፊያችን ናት። ሻይና ወረቀት የማመላልሰውን እኔን፣ ሠራተኛው ሲወጣ አሮጌው የጽሕፈት መኪና ፊት አስቀምጣ መጻፍ የምታስተምረኝ እሷ ናት። ጣቶቼን እንዳላይ የካርቶን ክዳን ትደፋብኛለች። ሰው ሲያየኝ እጄ እንደሚተሳሰር ስለምታውቅ ሳልጠይቃት በሩን ትዘጋልኛለች።

ኮምፒዩተሩ የተመረቀ ቅዳሜ ከአውራጃው እንግዶች መጡ። እኔ የሠራሁትን ዳንቴል አልብሰነው ነበር። እንግዶቹ ስለ መኪናው የሚሉት ሲጠፋቸው ዳንቴሉን አደነቁ። እትዬ ዘርፉ፣ «የሠራችው ያቺ ናት!» ብላ ስታሳያቸው ከቁም ሣጥኑ ኋላ ገባሁ።

ወንድምሽን ጋሼን ታውቂው የለ፤ አለቃችን ሆኖም ቁልፍ ይወዳል። ሰው እንዳይደውልበት የስልኩን መደወያ በትንሽ ጓጉንቸር ይቆልፋል። ወረቀቱን ይቆልፋል፣ ሳሙናውን ይቆልፋል፣ ቤትም ስኳሩን ይቆልፋል። ቁልፎቹ ወገቡ ላይ ስለሚንጫጩ ሠራተኞቹ ገና ከሩቅ «ቃጭሉ መጣ» ይባባላሉ። ኮምፒዩተሩም ከሣጥኑ ፊት ለፊት የሚገባ የራሱ ቁልፍ ነበረው፤ ትንሽ፣ ክብ፣ የምታብረቀርቅ። ባለሙያው አለቃ ነው ብሎ ለጋሼ አስረከበው።

ያን ቅዳሜ ሁሉም ሲሄድ እኔ እንደ ሁልጊዜው ቦርሳውን ይዤ በሩ ጥግ ቆሜ ነበር። ስልኩን ቆለፈ። ቁም ሣጥኑን ቆለፈ። ከዚያ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጎ ቁልፏን ሣጥኑ ውስጥ አስገባና አዞራት፤ አወጣትና ወገቡ ላይ አንጠለጠላት። ለእሱ እንደ ስልኩ ነው፤ ሰው እንዳይነካው። እኔም ምንም አልመሰለኝም። አብረን ወደ ቤት ሄድን።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ዘርፉ አበራችው። ሆዱ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ጮኸ፣ መስታወቱ ላይ ቁጥር እየሮጠ ተቆጠረ፣ ጢጥ ጢጥ አለና አንድ መስመር እንግሊዝኛ ጽፎ ቆመ። ፊደሎቹን ብትነካካቸው ዝም። አጥፍታ አበራችው፤ ያው ነው። ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅላ መልሳ ሰካች። ሶኬት ቀየረች። ባለሙያው የሰጣትን ማስነሻ ዲስኬት አስገብታ ሞከረች፣ አውጥታም ሞከረች። ኤሌክትሪሺያኑ ሰንበታ ቴስተሩን ይዞ መጣና መጀመሪያ እንደ ታመመ ሰው ጎንበስ ብሎ «ማል ታቴ?» ሲል በኦሮምኛ ምን ሆንክ ብሎ ጠየቀው። ሁሉም ሳቀ። መብራቱን ለክቶ፣ «መብራቱስ ደህና ነው፤ ይሄ ከኛ ጋር ነው የተጣላው» አለ። አንዱ የናዝሬት አቧራ ገብቶበት ነው አለና በዶሮ ላባ ጠረገው። ሌላው፣ «ሙቀቱ አልተስማማውም፤ ደብረ ዘይት ወስደን ሐይቅ ዳር እናሳርፈው» አለ። ዳንቴሉ አፍኖት ነው ያለም ነበር፤ ያን ጊዜ እኔ ጥግ ሆኜ በላብ ተጠመቅሁ። አዲስ አበባ እንዳይደወል ስልኩ ተቆልፏል፤ ጋሼ ደግሞ ገና አልገባም።

ጋሼ የገባው ጓድ አብተው ከሚባለው የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋር ነው። ጓድ አብተው ገና ከበሩ፣ «ቅዳሜ ደህና የነበረ ሰኞ እንዴት ይታመማል? ይሄ አሻጥር ነው» አለ። ሳቁ ሁሉ ቆመ። አሻጥር የተባለበት ሰው የት እንደሚገባ አንቺም ታውቂያለሽ።

እትዬ ዘርፉ ግን ቃሉን ከመስታወቱ ላይ ገልብጣ መዝገበ ቃላት ስታገላብጥ ነበርና ደስ ብሏት ተነሳች። «አገኘሁት! ተቆልፌአለሁ ነው የሚለው። ቁልፉ የሚዘጋው ሣጥኑን ብቻ መስሎን ነው እንጂ ፊደሎቹንም ይይዛቸዋል። ጋሼ ሙሉብርሃን፣ እስቲ ያቺን ቁልፍ ይስጡኝ» አለችው።

ጓድ አብተው ወደ ጋሼ ዞሮ፣ «የመንግሥትን ሥራ የቆለፈው ማነው?» ሲል ጠየቀ።

የጋሼ እጅ ወደ ወገቡ ሄደ። አየሁት እማዬ። ሄደና መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ኮቱን ቆለፈና፣ «ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው» አለ።

እትዬ ዘርፉ ቀልድ መስሏት ሳቀች። «ምነው ጋሼ፣ በጠዋቱ!» አለች። ማንም አልሳቀላትም። አገር ጥሎ የወጣ ወንድም እንዳላት ጓድ አብተው አነሳ። ክፍሉ በሰም ታሸገ፤ እሷን ቀበሌ ወሰዷት፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣችም።

ረስቼ ቆልፌው ነበር ቢል ያልቅ ነበር። ቢበዛ ይቆጡት ነበር። ክፉ ሰው ነው አልልሽም፤ ለቡዜ ጫማ የሚገዛላት፣ ሲያመኝ ሐኪም ቤት የሚወስደኝ እሱ ነው። ፈራ። እኔም ፈሪ ነኝ፤ ፍርሃት ሲይዝ አውቀዋለሁ። ግን እኔ ስፈራ ጓዳ እገባለሁ እንጂ ሌላ ሰው አላስገባም።

ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱን ያመጣው። እራት ተበልቶ ሲያበቃ ትሪው ተነስቶ እስክሪብቶና ወረቀት ፊቴ ተቀመጠ። «ዘርፉ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አይቻለሁ» ይላል። «ማንም አያናግርሽም፤ ስምሽን ብቻ ጻፊ» አለኝ። እኔን የመረጠኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ። ቅዳሜ በሩ ጥግ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ደግሞ አፍ የላትም ብሎ ያምናል።

«አልፈርምም ጋሼ» አልኩት።

«ምን አልሽ?» አለኝ። የምሩን ነው፤ አልሰማኝም ነበር። ድምፄ ትንሽ ስለሆነ ደገምኩለት። ሁለተኛው ጊዜ ከጓዳ ሚስቱ ሁሉ ሰማች። እንግዲያው ጓዝሽን ጠቅልለሽ ደራ እናትሽ ቤት ትገቢያለሽ አለ። ጓዜ ያው አንድ ፌስታል ነው፤ አልጋዬ ሥር ተዘጋጅቷል።

እትዬ ዘርፉ ጋ ስንቅ ይዤ ሄጄ ነበር። የአብዮት ጥበቃው እዚያው ቆሞ ስለነበር ያየሁትን ልነግራት አልቻልኩም። ከስታብኛለች። ስለ ራሷ ስጠይቃት ትታ፣ «ጣቶችሽን እንዳታሳርፊ፤ መኪናው ቢታሸግ ጠረጴዛም ቢሆን ምቺ» አለችኝ። ጥበቃው፣ «ምን ምቺ ነው የምትያት?» ብሎ ደነገጠ። «ፊደል» አለችው። ይህን ያህል ቀን ቆይታ እንኳ አፏ አልተዘጋም።

አሁን ወደ ቁልፏ ልምጣ።

እትዬ ዘርፉ ዘንድ ስላልተገኘች ኮሚቴው የሁሉንም ኪስና ቤት ሊፈትሽ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ነው ባለፈው እሑድ ወንድምሽ ስኳርና ሳሙና ይዞ አንቺ ጋ የመጣው። ተሻለች ነገረችኝ። ጉንጬን ስማኝ ከሄደች በኋላ ከመንገድ ተመለሰችና፣ «ውይ፣ ልረሳው! እናትሽ አጊጣልሻለች። ወንድሟ አስቀምጪልኝ ብሎ የሰጣትን ክብ፣ የምታብረቀርቅ ቁልፍ ከመስቀሏ ጋር ማተቧ ላይ አንጠልጥላታለች። የምን ሣጥን ቁልፍ እንደሆነች እንጃ» አለች። የምን እንደሆነች እኔ አወቅሁ።

መወርወር ይችል ነበር። ወንድምሽ ግን ቁልፍ አይጥልም፤ ዝገት የበላውን እንኳ ያስቀምጣል። ነገሩ ሲበርድ ሊመልሳት ነው። እስከዚያ እትዬ ዘርፉ ትበስብሳለች።

የፊታችን ሰኞ ባለሙያው ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ኮሚቴውም ክፍሉን ይከፍታል። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ተሻለች ቅዳሜ ለገበያ ትመለሳለች። ቁልፏን በርበሬው ውስጥ ከትተሽ ላኪልኝ። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ኮምፒዩተሩንም ከዳንቴሉ በቀር ነክቼው አላውቅም። ግን ያን ቅዳሜ የእጁን አዟዟር አይቻለሁ፤ እሱ ወዳዞረበት ተቃራኒ አዞራታለሁ። ሁሉም እያዩኝ አዞራታለሁ። ከየት አመጣሽው ሲሉኝ፣ ጋሼ ይመልስ እላለሁ። ስምሽን ቢቆራርጡኝም አላነሳም።

ባትልኪያትም አልቀየምሽም፤ ወንድምሽ ነው፤ አንድ ጡት ጠብታችኋል። ባዶ እጄን ሆኜም ቢሆን ግን ያን ቅዳሜ ያየሁትን እናገራለሁ። ድምፄ ካልተሰማ እደግመዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ተሻለች ከመንገድ ስትመለስ ሌላም ነገር ብላኛለች። «እኔማ ትቼው ልሄድ ነበር፤ እናትሽ ግን ስለ ቁልፏ ሳትነግሪያት እንዳትመለሺ ብላ ሦስቴ አስምላኛለች» አለችኝ። ለምን እንዳስማልሻት አልጠይቅሽም። ወንድምሽ ቁልፏን ሲሰጥሽ አንገትሽን ደፍተሽ ተቀብለሽው ይሆናል። ዝም ስላልሽ እሺ ያልሽ መስሎታል።

እንግዲህ እማዬ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ማጀትሽ አይጉደል፤ የቡዜን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ። እኔም የትም ብገባ ጸሎትሽ ይከተለኝ። ሁለቱንም ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

አንቺኑ የወጣሁት ልጅሽ