አክስታችን ያረመችው ፖስተር

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሺ «እህህ» ትያለሽ? ባለቤትሽ አዲሱን ሥራ ለመደው? መንትዮቹስ መደባደቡን ትተው ደብተር መግለጥ ጀመሩ? እኛ ደኅና ነን፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው የሚያስቸግረን። እንዲያውም ዛሬ ከደኅናም በላይ ነን፤ ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሣሁትም ለዚሁ ነው። በስልክ ብነግርሽ በየመሃሉ «ወይኔ!» እያልሽ ታቋርጪኛለሽ።

የአክስታችንንና የልብስ ሰፊዋን ነገር ነው የምጽፍልሽ። ጎረቤት ለጎረቤት መኮራረፋቸውን ሰምተሻል፤ ምክንያቱን ግን አፍሬ ደብቄሽ ነበር። ምክንያቱ እኔ ነኝ።

በጦርነቱ ጊዜ ማተሚያ ቤታችን የዘመቻ ፖስተር እንዲያወጣ ታዘዘ። የአንዲት እናት ፎቶ ተፈለገ፣ ያውም ለነገ። እኛ ዘንድ ደግሞ ፊት ሲያጥር ሠራተኛው ከዘመዱ ያመጣል። ሳሙና ይዛ የምትስቀው ሴትዮ የጥበቃው ሚስት ናት፤ የጡረታ ማስታወቂያው ላይ ያሉት ሽማግሌ የማሽኒስቱ አማት ናቸው። እኔም ቀበጥ ብዬ የአክስታችንን የመታወቂያ ፎቶ ሳላስፈቅዳት ይዤ ሄድኩ። ፎቶውን የተነሣች ቀን መንጋጋዋን አሟት ስለነበር አገጯን ቀና፣ ከንፈሯን ግጥም አድርጋለች። አለቃዬ ገና ሲያየው «ይቺ ናት! ሐዘኗን ዋጥ ያደረገች ጀግና እናት!» አለ። ጥርሷን አሟት ነው ለማለት አፈርኩ። ከሥሩ «እኔ ልጄን ልኬያለሁ፤ አንቺስ?» ተብሎ ተጻፈበትና ከተማው በአክስታችን ፊት ተለበጠ።

መጀመሪያ ላይ እሷም «ምነው ፀጉሬን እንኳ ባበጥር ኖሮ» እያለች ትስቅ ነበር። ሳቁ የቆመው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር የዘመተ ዕለት ነው። እናትየው ማዶ ቆማ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣ «አንቺ! አንድ ሳትወልጂ የኔን መርቀሽ ሸኘሽው?» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የለም። ልጁ፣ ተመስገን፣ በሕይወት ተመልሷል፤ ሁለት ጣቶቹ አይታጠፉም እንጂ ደኅና ነው፤ አክስታችንንም ሲያገኛት ሰላም ይላታል። እናትየው ግን አክስታችን በደጇ ስታልፍ የስፌት መኪናውን ታስጮኸዋለች። አክስታችን ወደ ገበያ ስትሄድ ዙሪያውን መዞር ጀመረች።

ዘንድሮ ደግሞ ምርጫ መጣ። የአንዱ ዕጩ የቅስቀሳ ሰው ከች አለና «ያቺን እናት ስጡን፤ ሕዝቡ ያምናታል» አለ። ጽሑፉንም ይዞ ነው የመጣው፦ «ልጄን ለአገር ሰጠሁ፤ ድምፄን ለዚህ ዕጩ እሰጣለሁ»። አለቃዬ ከበፊቱ ተምሯል። «የባለ ፎቶዋ ፊርማ ከሌለ አልነካውም። አንቺ አራሚዋ፣ አክስትሽ አይደለች? ሂጂ አስፈርሚ» ብሎ ፕሩፉን፣ ያው ከመታተሙ በፊት ለእርማት የሚወጣውን ወረቀት፣ አስታቀፈኝ።

እኔ እንኳ «አልፈርምም» እንድትለኝ ነበር ጸሎቴ። እሷ ግን መነጽሯን አድርጋ ሁለቴ አነበበችውና «ማረም ይቻላል?» አለችኝ። ወረቀቱ ለዚያ አይደል የወጣው አልኳት። ቀይ እስክሪብቶዬን ተቀብላ የነበረውን ሁሉ ሰረዘችና እንዲህ ጻፈች፦ «ወንድ ልጅ የለኝም። የእህቴን ሁለት ሴት ልጆች አሳድጌያለሁ፤ አንዳቸውንም ጦርነት አልላክሁም። የሰው ልጅም ይሂድ አላልሁም፤ ፊቴ ግን ብሏል። ይቅርታ አድርጉልኝ። ማንን እንደምትመርጡም አልነግራችሁም።» ከሥሩ ፈረመች።

አለቃዬ በገዛ እጁ ጽፎ ግድግዳ ላይ የለጠፈው ሕግ አለ፦ «ፊርማ ያለበት እርማት እንዳለ ይገባል። ክርክር ክልክል ነው።» እኔ መጀመሪያ ለእሱ ላሳየው ብዬ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖርኩት። ጽሑፍ ለቃሚዋ፣ ያቺ ፊደሉን ደርድራ ለኅትመት የምታዘጋጀው፣ ስታልፍ ቀዩን አየች፣ ፊርማውን አየች፣ ወሰደችው። አልዋሽሽም እትዬ፣ ስትወስደው አይቻለሁ። «ቆይ» ማለት ነበረብኝ፤ ወደ ሌላ እርማቴ ዞርኩ።

ሦስት መቶ ያህል ከታተመ በኋላ የቅስቀሳው ሰው ሊረከብ መጣ። አንዱን ዘርግቶ ሲያነብ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ማነው የላካችሁ? እነዚያኞቹ ናቸው አይደል?» እያለ ግቢውን አናወጠው። አለቃዬ አስጠራኝ። በቃ ተባረርኩ ብዬ ቦርሳዬን አንግቼ ነው የገባሁት። እሱ ፕሩፉን አየ፣ ፊርማውን አየ፣ ግድግዳውን አየ። ከዚያ «ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ምን ልበልሽ?» አለኝ። ለሳምንት ወረቀት ማጠፊያ ክፍል አወረደኝ። እዚያ ያሉት ሴቶች ወሬያቸው መች ይጠገባል፤ ቅጣት ላይ መሆኔን ረሳሁት እኮ! ፖስተሮቹ ተቀዳደው ተጣሉ። ዕጩው በፀሐይ መውጫ ሥዕል ተወዳደረና አሸነፈ፤ ለካ አክስታችን ፖስተሩ ላይ ኖረችም አልኖረችም ያው ነበር።

አንዷን ግን ጠቅልዬ ይዤ ወጣሁ። ዛሬ ረፋዱ ላይ አክስታችን ደጃችን ላይ፣ ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ ትይዩ፣ በገዛ እጇ ለጠፈቻት። የስፌት መኪናው ዝም አለ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ መንገዱን ተሻግራ መጣች። እኔ በመስኮት አያታለሁ፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቃል በቃል አነበበችው። አክስታችን የበሩን መቃን ይዛ ቆማለች። ልብስ ሰፊዋ አንብባ ስትጨርስ ወደ እሷ ዞረች። ከላይ እስከ ታች ገረመመቻትና «ይሄ የቀሚስሽ ጫፍ ከተተረተረ ስንት ጊዜው ነው? እንዲህ ሆነሽ ነው ሰው ፊት የምትወጪው? በይ ነይ፣ አውልቂልኝ» አለቻት።

ይህንን ስጽፍልሽ አክስታችን ማዶ ናት፤ የማታውቃትን ደንበኛ ቀሚስ ለብሳ ከመኪናው አጠገብ ተቀምጣለች። ከሄደች ሦስት ሰዓት ሊሆናት ነው። ጫፍ መስፋት ይህን ያህል እንደማይፈጅ እኔም አላጣሁትም፤ አልጠራትም።

ለባለቤትሽ አክብሮቴን፣ ለአማትሽ የጉልበታቸውን ጤና፣ ለመንትዮቹ በሁለቱም ጉንጫቸው ስሞሽ አድርሺልኝ። ልብስ ሰፊዋ ዛሬ ስምሽን አንሥታ ጠይቃሻለች።

ታናሽ እህትሽ

ከአክስታችን ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
ጥቅምት 14 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ