ጎርፉ በማን ማሳ በኩል ይገባል?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

የለም፣ ጎርፉን የሚያመጣብን የሠፈራችን ዝቅታ አይደለም! ዛሬ ከጎረቤቴ ከእታለማሁ ጋር ወንዙ ዳር ወርደን በዓይናችን አየን። የእኛ ሠፈር ከላይኛው ሠፈር በምንም አይዘቅጥም። ታዲያ ከጉና ተራራ የሚወርደው ጎርፍ በየክረምቱ እነሱን አልፎ እኛ ቤት የሚገባ ምን አድርገነው ነው? አምና ጎተራዬ ውስጥ ገብቶ እህሌን አበሰበሰብኝ። ዘንድሮም ከደገመኝ ልጆቼን ይዤ ወረታ ዘመድ ቤት መጠጋቴ ነው።

ያየነው ይኸ ነው፦ ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው የአፈር ግድብ በላይኛው ሠፈር በኩል ደህና ነው። እኔ ማሳ ሲደርስ ፈርሷል። በእታለማሁ ማሳም ፈርሷል። በእትዬ ጥሩም እንዲሁ። ሦስታችንም ባል የሞተብን ነን። እታለማሁ፣ “ጎርፉም ባል የሌላትን መርጦ ነው የሚደፍር” ብላ አሳቀችኝ። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ገባኝ! በአገራችን ደንብ ሁሉም በማሳው ፊት ያለውን ግድብ ራሱ ይጠግናል። የእኔን መሬት የሚያርሰው አያ ዳኘው ነው፤ እሱ ያርሳል፣ ሩዙን እኩል እንካፈላለን። ጠዋት በሬዎቹን ሲጠምድ ጠየቅሁት።

“እኔ አራሽ እንጂ ባለመሬት ነኝ እንዴ? ግድቡ የባለመሬቱ ነው” አለኝ።

እኔ ደግሞ ማረሱም ማረሙም የእሱ ስለሆነ ግድቡም የእሱ መስሎኝ ኖሬአለሁ! መጀመሪያ ተሳሳቅን። ቆይቶ ግን ተናደድሁ። የእታለማሁም የእትዬ ጥሩም አራሾች ይህንኑ አሉ። የመንደሩ ስብሰባ ላይ የሚጠሩት እነሱ፤ የግድብ ነገር ሲነሳ እኛን አይመለከትም ብለው ዝም። እኛን ደግሞ የሚጠራን የለም።

አሁን ደቦ መጥራት ነው። ደቦ ግን ባለቤት ይፈልጋል፤ ሰውን በባዶ አፍ አታስቆፍረው። ደግነቱ ለሚካኤል የጠመቅሁት ጠላ አለ። ንፍሮው ከእታለማሁ፣ ዳቦው ከእትዬ ጥሩ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ሚካኤል። ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ሰው ሳይበተን፣ አባ ዘንድ ቀረብሁ።

“አባ፣ ነገ ለግድቡ ደቦ ጠርተናል፤ ለሕዝቡ ይንገሩልን።”

“የማን ደቦ ልበል?”

“የሦስታችን።”

“ሴቶች የግድብ ደቦ ጠርተው ያውቃሉ?”

“አያውቁም። አምና ግን ውኃው የእርስዎንም ጎተራ አልማረም፣ አባ።”

ምን ነካኝ? እንዲህ ለቄስ ይመለሳል? ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ። ከዚያ መቋሚያቸውን ተደግፈው የሦስታችንንም ስም ጠርተው ተናገሩ። ስሜን በሕዝብ ፊት ስሰማ አፈርሁም፣ ደስም አለኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

መጡ! የላይኛው ሠፈር ሰው ሳይቀር አካፋና ዶማውን ይዞ መጣ። ቀድሞ የደረሰው አያ ዳኘው ነው። “ባለመሬቷ አዘዘችኝ” እያለ ያሾፍብኛል። እኛም አፈር በጆንያ ተሸከምን። ትከሻዬ ተላጠ፣ ጠላው አለቀ፣ እትዬ ጥሩ ጭቃው ላይ ወድቃ ሁላችንንም አሳቀችን። ስንጨርስ ግድቡ ከአያ ዳኘው ደረት ደረሰ።

በጉና በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ይይዝ ይሆን?

እሑድ፣ ሰኔ 15

ያዘ!

ተራራው ላይ ሲዘንብ አድሮ፣ ጠዋት ወንዙ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ጎተራዬን በእጄ ዳሰስሁት፤ ደረቅ ነው። እልል እያልሁ ወደ ግድቡ ሮጥሁ። እታለማሁም ነጠላዋን አሸርጣ እልል እያለች ተከተለችኝ።

ግድቡ ላይ ስንወጣ ማዶውን አየን። ውኃው በዚያ በኩል ጥሶ ወጥቷል። ማሳው ሐይቅ ሆኗል፣ ቤቶቹ እስከ መስኮታቸው ውኃ ውስጥ ናቸው። አንዲት ሴት፣ ልጅ አዝላ፣ ጓዟን ተሸክማ ዳር ላይ ቆማለች። እልልታችንን ሰምታው ኖሯል።

“እናንተ ማዶዎች!” ብላ ተጣራች። “ምን አድርጋችሁ ነው ዘንድሮ ውኃው ወደ እኛ የመጣ?”

እታለማሁ አየችኝ። እኔም አየኋት። ወንዙ ሲጎድል ተሻግሬ የዚያ ማሳ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ግድቡንስ ማን ይጠግነው እንደነበር መጠየቅ አለብኝ። ለጊዜው ግን፣ “ግድባችንን ጠግነን ነው!” ብዬ መለስሁላት።