የከረሜላህ ነገር

ወዳጄ፣

«ከረሜላውን ለእኔ ተወው» ብለህ ኪሴን ስለሞላህልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ለጥቂት ገድለኸኝ ነበር። በዚህ ፖስት ካርድ ላይ የምታየው ተራራ ጫፍ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ስኳሬ ወረደ። የቢሯችን ሊፍት በተበላሸ ቁጥር አራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ዘፍ እንደምትለው፣ እኔም ድንጋይ ላይ ዘፍ አልኩ። ከረሜላህን አከታትዬ ቆረጠምኩ፤ ለውጥ የለም። መነጽሬን አድርጌ ሽፋኑን ሳነብ «ስኳር የሌለው» ይላል። ለጤናዬ አስበህ ነዋ! የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ሲወርድ ስኳር እንደሚያስፈልገው ስንት ዓመት አስረዳሁህ?

ለስላሳ ስትጠጣ «መርዝ ነው» እያልኩ መንገዱን ሙሉ ያሰለቸኋት አብራን የምትወጣ ጡረተኛ ጠርሙሷን አፌ ላይ ደቀነችው፦ «በል መርዙን ጠጣ! ስድቡን ሲሻልህ ትቀጥላለህ።» ጠጣሁ፤ ጫፍ ደረስኩ፤ ስድቡንም ቀጠልኩ።

ቦታ አለቀ። ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ። የተረፈውን ከረሜላ ይዤልህ እመጣለሁ፤ ፊቴ ተቀምጠህ ትጨርሰዋለህ።