ቁጥሩን ብቻ

ለወንድም ጋሼ ይድረስ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? ዋናው ቢሮ ከተዛወርክ ወዲህ እማዬ ልጄ ከሳ እያለች ስትብሰለሰል ሰንብታለች። እኔ ግን የላክኸውን ፎቶ አይቼዋለሁ፤ አልከሳህም፤ እንዲያውም ኮቱ ጠቦሃል። እኔ ደህና ነኝ። እጄም ደህና ነው። ይህን የምልህ ደህና ያልሆነ እጅ በየቀኑ ስለማይ ነው።

ሹፌርህ ወረቀቱን አድርሶኛል። ሦስት መስመር ስለሆነ ማንበቡ አላስቸገረኝም። የፋብሪካችንን ሙጫ ውፍረት ከላቦራቶሪ ስነግርህ በምን መለኪያ እንደሆነ አልነገርኩትም ብዬ እንድፈርምልህ ነው የፈለግኸው። አንቺን ቢበዛ ማስጠንቀቂያ ቢጽፉብሽ ነው፣ እኔ ግን ከሥራዬ እነሳለሁ፣ ለቤተሰብሽ ስትዪ ፈርሚ ብለህ ልከህብኛል። ዓይንህን በጨው አጥበህ! እማዬንም ቀድመህ አዘጋጅተሃታል። ትናንት ምሳ ላይ፣ ወንድምሽ አይደለም ወይ ለዚህ ያበቃሽ ብላ አለቀሰችብኝ።

አዎ፣ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እዚያው ምሳ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ። ፓውንድ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ የኃይል ነው፣ ሌላው የመጠነ ቁስ ነው፣ ስማቸው አንድ ነው ብለሽ እንዳትሸወጂ ያልከኝ አንተ ነህ። ውፍረቱ በኃይል ፓውንድ ተሰጥቶሽ ሰንጠረዡ በቁስ ፓውንድ ከሆነ፣ በሠላሳ ሁለት ነጥብ አንድ ሰባት ሳታባዢ እስክሪብቶሽን እንዳታስቀምጪ ትለኝ ነበር። ስሳሳት ጣቴን በማስመሪያ ቸብ ታደርገኝ ነበር። ያኔ እንዴት እወድህ እንደነበር! ከአንተ በላይ የሚያውቅ ሰው የተፈጠረ አይመስለኝም ነበር።

ታዲያ ያን ቀን ምን ነካህ? የላቦራቶሪው አሮጌ መሣሪያ በኃይል ፓውንድ እንደሚለካ ከእኔ በፊት ታውቃለህ። ስትደውል ነጥብ አምስት ነው አልኩህ፤ ፓውንድ ኃይል ሴኮንድ በስኩዌር ፉት መሆኑንም ነገርኩህ፤ ለፓምፑ ሰንጠረዥ እንዲመች ልለውጥልህ ወይ ብዬም ጠየቅሁህ። አታድርቂኝ፣ ቁጥሩን ብቻ ስጪኝ ብለህ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ከዚያ አዲሱን ፓምፕ የመረጥክበት ስሌት ላይ፣ አሥራ ስድስት መጻፍ ባለብህ ቦታ ነጥብ አምስት ጻፍክ። ወረቀትህ ላይ ሙጫው ከሠላሳ እጥፍ በላይ ቀጠነ። ቱቦው ውስጥ ግን ያው የድሮው ወፍራም ሙጫ ነው።

ቁጥሩን ብቻ ማለት እኮ አመልህ ነው። አባባ የታመመ ጊዜ ሐኪሙ ያለውን ልነግርህ ስጀምር፣ ስንት ወር እንደቀረው ብቻ ንገሪኝ ብለኸኛል። ያንን ሆድ ይፍጀው ብዬ ትቼው ነበር።

አዲሱ ፓምፕ ገፋ፣ ገፋ፣ ሙጫው አልሄድ ሲል መጋጠሚያው ፈነዳ። የፓምፑ ኦፕሬተር ሮጦ ማጥፊያውን በቀኝ እጁ ባይጫነው ኖሮ፣ ትኩሱ ሙጫ ከታች በሚያሽጉት ሴቶች ላይ ይወርድ ነበር። እነሱን አዳነ፤ እጁ ግን እስከ ክርኑ ነደደ። አንተ ሆስፒታል ብቅ እንኳ ሳትል፣ ቫልቩን በችኮላ ስለከፈተ ነው ብለህ ሪፖርት ጻፍክበት። በዚያ ሪፖርት ምክንያት ካሳውም ደመወዙም ቆመ። አሁን ደግሞ አደጋውን የሚያጣራው መርማሪ ፓምፑ በምን ስሌት ተመረጠ ብሎ ሲጠይቅ፣ የቀረውን እኔ ላይ ልታላክክ ነው።

ያንን ሰውዬ አንተ መቼም ወደኸው አታውቅም። የላቦራቶሪው በር ላይ ባየኸው ቁጥር፣ ይሄ ቱቦ ጠራጊ ሙጫ ሆነብሽ እኮ እያልክ በሰው ፊት ትስቅብኝ ነበር። እኔም አብሬህ እስቅ ነበር፤ የምስቀው ግን በሌላ ነገር ነው። አሁን ሹካ መያዝ አይችልም። ጠዋት ሸሚዙን የሚቆልፍለት ሰው ባይኖር ከቤት አይወጣም። ፋሻው ሲፈታ ጥርሱን ይነክሳል፤ ስለ አንተም አንድ ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም። በሱ ፈንታ እኔ አንጀቴ አርሯል።

ወረቀትህን ሳልፈርም መልሼ በሹፌሩ ልኬዋለሁ። ዛሬ ጠዋት መርማሪው ዘንድ ሄጄ የተባባልነውን ሁሉ ተናግሬአለሁ፤ ቁጥሩንም፣ መለኪያውንም፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ መዝጋትህንም። ፊርማዬንም እዚያ አኑሬአለሁ። ከሥራህ ያነሱህ እንደሆነ እንጃ። ብትነሳ አዝናለሁ፤ አላዝንም ብልህ ዋሸሁ። ለቤተሰብሽ ስትዪ ብለኸኝ የለ? የሄድኩት ለቤተሰቤ ስል ነው።

እማዬን አንተ አትንገራት። እሑድ ሄጄ ሁለቱንም ነገር ራሴ እነግራታለሁ። መጀመሪያ ታለቅሳለች፤ ከዚያ በሁለተኛው ምናልባት እልል ትል ይሆናል።

እግዜር ጤና ይስጥህ። ልጆችህን ያሳድግልህ። ሁለቱንም እጆችህን ይጠብቅልህ።

እህትህ፣ የኦፕሬተሩ ባለቤት