ኮረብታውን ሲለኩ የኖሩት የመጀመሪያው ከንቲባችን

የከተማችን የመጀመሪያ ከንቲባ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከስምንት ልጆች አምስተኛ ሆነው፣ የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ከወንዙ ማዶ ባለችው መንደር ተወለዱ። የመሬት ቅየሳ ተምረው በሃያ ሁለት ዓመታቸው ሥራ ያዙ። ሜትር ከኪሳቸው ስለማይጠፋ «ጋሼ ሜትር» የሚል ስም ወጣላቸው፤ የእናታቸው ቤት መጋረጃ እንኳ እሳቸው ሳይለኩት አይሰቀልም ነበር። በሠላሳ ዓመታቸው ከመምህርት ባለቤታቸው ጋር ጎጆ ወጥተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በአርባ አራት ዓመታቸው ባዶ ሜዳ ላይ ካስማ ተክለው የዚህችን ከተማ መንገዶች ቀየሱ። በዓመቱ ነዋሪው ከንቲባ አደረጋቸው። ማዘጋጃ ቤቱ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች፤ ዝናብ ሲመጣ ስብሰባው ይቋረጣል፣ መደማመጥ የለማ።

ታችኛው ሰፈር በኮረብታው ግርጌ ሊሠራ ሲል አንድ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ቢሯቸው ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ኮረብታ ውስጡ ውሃ ነው። አንድ ቀን ይወርዳል» አላቸው። ቤት የሚጠብቀው ሰው ድንኳን ውስጥ ሦስተኛ ክረምቱ ነበርና፣ «ለአንተ መሬት ሁሉ ጉድጓድ ነው» ብለው በቀልድ ሸኙት። ፕላኑንም ፈረሙ። አራት መቶ ቤት ተሠራ።

በሥልጣን በቆዩ በአሥራ አንደኛው ዓመት በኮረብታው አናት ጣት የምታስገባ ስንጥቅ አዩ። ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ሰፈሩ ይነሣ ብለው ምክር ቤቱን ለመኑ፤ «ሕዝብ አያሸብሩ» ተብለው ከሥልጣን ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጡ ስንጥቁን ይለኩ፣ ሲመለሱም በየደጁ እየቆሙ ውጡ ይሉ ነበር። ሰዉ ወንበር ያቀርብላቸዋል እንጂ አይሰማቸውም። አሁን በዚያ ሰፈር አልዘጋ ያለ በር የሚልገው አናጢ ፋታ የለውም።

ከንቲባው ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ አረፉ። በዋዜማው ለታላቅ ልጃቸው፣ «በቁሜ ያልሰሙኝ በሞቴ ይስሙኝ። ፈራሚው እኔ ነኝ፤ እሱንም ሳትደብቂ አንብቢላቸው» ብለዋታል። ይኸው በቀብራቸው ላይ ይህን እያነበበችላችሁ ያለችው እሷው ናት።

ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። ወንዱ ልጃቸው ዛሬ ጠዋት ኮረብታው ላይ ወጥቶ ነበር፤ የዛሬ ሳምንት ሁለት ክንድ የነበረው ስንጥቅ ሦስት ክንድ ሆኗል። የታችኛው ሰፈር ለቀስተኞች፣ ከዚህ ወደ ቤታችሁ አትመለሱ። በላይኛው ትምህርት ቤት አዳራሽ ፍራሽ ተነጥፎላችኋል፤ ቤት የቀሩትን ልጆችና አረጋውያን የሚያመጡ መኪኖችም በር ላይ ቆመዋል።

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ በማይናወጥ ምድር ያሳርፍልን፤ ለእኛም እስክንወጣ ድረስ ዝናቡን ይያዝልን።