ገመዳቸው ያልተበጠሰው የወ/ሮ አረጋሽ ሶርሳ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ አረጋሽ ሶርሳ ከአባታቸው ከአቶ ሶርሳና ከእናታቸው ከወ/ሮ አይናለም፣ ጂንካ አጠገብ ባለች የገጠር ቀበሌ በ1965 ዓ.ም ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ጂንካ ተማሩ። እንሰት መፋቅ ግን ከእናታቸው ነው የተማሩት፤ ኋላ የጠቀማቸውም እሱ ነው።

በ1985 ዓ.ም ከአቶ ሚልክያስ ጋር ጋብቻ መሥርተው ባሮክን፣ ሊድያንና ኤልሳን ወለዱ። ልጆቻቸውን ያሳደጉት ሙዝ እየሸጡ ነበር። ሙዝ አንዴ ካፈራ ግንዱ ተቆርጦ ይጣላል፤ ጓሯችንን ሁሉ ሲያገማ የኖረ ነው። እሳቸው በ2001 ዓ.ም ያንን ግንድ እንደ እንሰት ፍቀው ቃጫ አወጡለት። ገመድ፣ ምንጣፍና ዘንቢል ሠሩበት፤ የተረፈውን ለከብት ሰጡ። ሰፈሩ "የቆሻሻ እመቤት" እያለ ሳቀባቸው። የአልዱባ ገበያተኛ ዘንቢል ፍለጋ ቤታቸው ድረስ ሲመጣ ግን፣ የሳቁት ሴቶች ሥራ ለመጠየቅ በራቸውን አንኳኩ። አስተማሯቸው። ወ/ሮ አረጋሽ ቂም አያውቁም ነበር፤ ይህን የሚጽፈው ዘመዳቸው ያውቃል።

በ2008 ዓ.ም አቶ ሚልክያስ አረፉ። ሳጥኑ ሲወርድ በራስጌ የወ/ሮ አረጋሽ የሙዝ ገመድ፣ በግርጌ የእድራችን ናይለን ነበር። ናይለኑ ተበጠሰ፤ ሳጥኑም በግርጌው ወደቀ። ናይለኑን የገዙት የእድሩ ዳኛ አቶ ደገፋ፣ ማንም ሳይቀድማቸው "ድሮስ በሙዝ ልጣጭ ሰው ይወርዳል?" አሉ። የተበጠሰው የናይለን ቁራጭ ከሳጥኑ ጋር አፈር ለበሰ፤ ወሬው ገበያ ወጣ። "ባሏን ጣለችው" ተባሉ። ገዢ ራቀ፤ ያስተማሯቸው ሴቶችም አንድ ባንድ ቀሩ። ግንዱ እንደገና በየጓሮው ይበሰብስ ጀመር።

ወ/ሮ አረጋሽ ያልተበጠሰውን ገመዳቸውን ጠቅልለው አኖሩት። እስቲ አምጪው፣ እንየው ያላቸው ሰው የለም። እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችሁ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእሳቸው ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልነጋላቸውም።

በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ። ከሦስት ልጆቻቸው ሌላ የልጅ ልጆችም አይተዋል። አልጋ ላይ ሆነው የተናዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚያው ገመድ እንዲወርዱ፣ ጫፉንም አቶ ደገፋ እንዲይዙ። የራስጌውን ሊድያ ገምዳዋለች፤ የግርጌው ያው የጥንቱ ነው።

ጌታ ነፍሳቸውን በደግ እጁ ይቀበል፤ ልጆቻቸውን ያጽናና። አቶ ደገፋ፣ ሳጥኑ መሬት ሲነካ ይህኛውን ገመድ አፈር አያልብሱት። ሕዝብ እያየ በእጅዎ ለሊድያ ያስረክቡ።