የሃስኬል ቤት ለጋርዝ ሆነ

ቤል ክሪክ፣ ሚዙሪ
ኦክቶበር 24 ቀን 2013

ለምወድህ ባለቤቴ ለኦሪን፣

እንደምን ሰነበትክ? ሰሜን ዳኮታ ብርዱ ገብቷል አሉ፤ ካልሲህን ደርብ። እኛ ደህና ነን። ኬሊ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ሆናለች። እናትህም ደህና ናቸው፤ ምላሳቸው ደግሞ ከሁሉም በላይ ደህና ነው።

ካምፑ ውስጥ ስልክ አልይዝ ብሎሃልና፣ ወሬው ከሌላ ሰው ሳይደርስህ ልጻፍልህ ብዬ ነው። የሃስኬል ቤት ተሸጠ። የገዛው ወንድምህ ጋርዝ ነው።

አዎ፣ ያው ወንዙ ዳር ያለው ቤት። ሳንጋባ መኪናህን በሩ ላይ አቁመህ "እዚህ ነው የማስቀምጥሽ" ያልከኝ ቤት። ወደ ነዳጅ ቁፋሮው የሄድከውም ለእሱ ነበር። እኔም በሰኔ ወደ ወይዘሮ ስትራውድ ብድር ቢሮ ስሄድ ሁሉ ነገር የተቃና መስሎኝ ነበር። መንግሥት ዋስ የሚሆንበት የገጠር ቤት ብድር ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቅም፤ ቤቱም ከከተማ ርቆ ስላለ ይፈቀዳል። ያስቸገረው ገቢያችን ነው፤ ለወረዳችን ከተቀመጠው ጣሪያ አልፏል። ሴትዮዋ ምሥራች እንደምትነግር ሰው ፈገግ ብላ "የኔ እመቤት፣ ባልሽ እኮ ብዙ ያገኛል" አለችኝ። ለዚህ ብድር ሀብታም ነን፤ ሌላው ባንክ ለሚጠይቀው ቅድሚያ ክፍያ ግን ድሆች ነን። ያን ቀን እዚህ እናትህ ጓሮ፣ ተጎታች ቤታችን ውስጥ ገብቼ ሀብቴን ስፈልግ ዋልኩ።

የጋርዝ ደመወዝ ግን ልክ ሆኖ ተገኘ። ከመኖ ፋብሪካው ሳይወጣ አረጀ እያልን ስንስቅበት፣ አለመውጣቱ ቤት ሰጠው።

ወሬውን ስሰማ ሳህን እያጠብኩ ነበር። አጣጠቤን አይተው እናትህ ምን አሉኝ መሰለህ? "አንቺ ልጅ፣ ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው ይላል መጽሐፉ። ጉልበቴን አመመኝ የምትዪው ለካ ለዚህ ነው።" ጉልበቴን ግን እውነትም ያመኛል።

ጋርዝና ሚስቱ ቁልፉን እንደተረከቡ ማርሊስ ወጥ ቤቱን ምን ቀለም ብቀባው ይሻላል ብላ አማከረችኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዋሻ እንዲመስልባት ብዬ ጥቁር አረንጓዴ አልኳት። ቀባችው። ባለፈው ቅዳሜ ጠርታኝ ሄጄ ሳየው አምሮ ቁጭ ብሏል! እንግዳ በመጣ ቁጥር "የናዲን ምርጫ ነው" ትላለች። የያዝኩላትን የኮክ ኬክ ይዤ ልመለስ ምንም አልቀረኝም።

እዚያው ተቀምጠን ጋርዝ ከሥራ ገባ። ማርሊስ ድንች እየላጠች ነበር። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

"ጫማህን በረንዳ ላይ" አለችው፤ ወጥቶ አወለቀ።

በቃ፣ ይኸው ነው። በወጥ ቤቱ ከቀናሁት ይልቅ በዚህ ተቃጠልኩ። እኔ አንተ ስትመጣ ከመስኮት መስኮት ነው የምሮጠው። ባል ገብቶ ቀና ብሎ አለማየት እንዴት ያለ ድሎት ነው!

ስወጣ ማርሊስ እስከ መኪናው ተከተለችኝ።

"ቅር ብሎሻል አይደል?" አለችኝ።

"ምን ቅር ይለኛል?"

"እኔ ብሆን ይለኝ ነበር" አለች። ከዚያ አጠገቤ ቆማ፣ መኖ ፋብሪካው የማሽን ሰው እንደሚፈልግና ጋርዝ ስምህን ለአለቃው እንዳነሳ ነገረችኝ። እዚያ ያለህ ደመወዝ ከፍተኛ ነው ብዬ መኪናውን አስነስቼ ሄድኩ። እንዳላቅፋት ብዬ ነው መሰለኝ፣ ቸኮልኩ።

ሰኞ ግን ኬሊን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ራሴን ወይዘሮ ስትራውድ ዘንድ አገኘሁት። በመኖ ፋብሪካው ደመወዝ ቢሆንስ ብዬ ጠየቅኳት። ዛሬ ከምታመጣው ግማሹን እንኳ እንደማይሞላ ታውቃለህ። ደምራ ቀንሳ "ያኔማ ከጣሪያው በታች ናችሁ" አለችኝ። አሮጊቷ ወይዘሮ ፔቲትም ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ስለሆነ ቤታቸው በፀደይ ለገበያ ይወጣል። ትንሽ ነው፤ ጣሪያውም ያፈሳል። በረንዳ ግን አለው።

ና ማለቴ አይደለም። ሥራህን ታከብረዋለህ፤ እኔም አከብርልሃለሁ። እንድታውቀው ብዬ ብቻ ነው የጻፍኩት።

ለእጅህ ከብረቱ፣ ለደረትህ ከብርዱ እግዚአብሔር ከለላ ይሁንልህ። ኬሊ ስማልኝ ብላለች፤ እናትህም መርቀውሃል።

የማትረሳህ ባለቤትህ
ናዲን

አውቶቡሱ ከእናንተ ከተማ የሚነሳው ረቡዕና ቅዳሜ ነው። ለሌላ ጉዳይ ስደውል ነው የነገሩኝ።